በአስተርጓሚ የተናዘዝኩበት እሑድ

ጡረታ ስወጣ ለንብረት ክፍል ያስረከብኩት ብዙ አልነበረም። አንድ የፊት መከላከያ፣ አንድ ከባድ ሰደርያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንድ ጫፉ የሾለ የፈንጂ መፈተሻ ዘንግ። ንብረት ያዡ ወጣት ሁሉንም ከቅጹ ጋር አመሳክሮ ሲያበቃ፣ «ሌላ የመንግሥት ንብረት በእጅህ አለ?» አለኝ። ኪሴን ዳበስኩና የእንጨት መቁጠሪያዬን አውጥቼ አሳየሁት።

«ይሄ የእናቴ ነው» አልኩት።

«ሙስሊም ነህ እንዴ?»

«ካቶሊክ ነኝ።»

«ካቶሊክ ወታደር አለ እንዴ?»

«አንድ ነበር፤ እሱም ዛሬ ጡረታ ወጣ» አልኩት። ሳቀና ቅጹ ላይ ማኅተሙን አሳረፈበት። የሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ በዚህ አለቀ።

አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። የኛ ጸሎት ቤት ሰው ጥቂት ነው፤ እሑድ እሑድ ሦስት አግዳሚ ወንበር ከሞላ በዓል መስሎን ደስ ይለናል። የቁምስናችን ቄስ ባለፈው ጾም ጠርተውኝ፣ «አንቶኒዮስ፣ ለወጣቶቹ የምናነብላቸው ነገር ጻፍ። ወታደር በሰው አገር እንዴት ነው የሚጸልየው?» አሉኝ። ሰባኪ አይደለሁም። ስለ ጸሎቴ ለመናገር ስለ ሥራዬ መናገር ግድ ይለኛል፤ ሁለቱን ለይቼ ልያዝ ያልኩበት ጊዜም አንድ ላይ የደባለቅኩበት ጊዜም አለ፤ ሁለቱም ጉድ ሠርተውኛል።

የመሐንዲስ ክፍል ፈንጂ አምካኝ ነበርኩ። ኩራት ኃጢአት ነው ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር እኮራለሁ፣ ቄሱም ይወቁት። በሦስት አገር በሆዴ ተኝቼ ሜዳ አጽድቻለሁ፤ እኔ አጽድቼ ባስረከብኩት መሬት ላይ እስከ ዛሬ አንድም ሰው እግሩን አላጣም። ከዚያ ሁሉ መሬት ግን ሁለት ስንዝር ላይ ምስጋናው የእኔ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ስለዚያች ሁለት ስንዝር ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። ካቶሊክነትን ከአያቴ የወረስን ሲሆን፣ በሰፈራችን ከእኛ ሌላ ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብቻዬን መጸለይን ቀድሞ ለምጄዋለሁ። ወታደር ቤት ስገባ ግን ስም ወጣልኝ። «ሮማ» ይሉኝ ነበር። ሮማ ውኃ አምጣ፣ ሮማ ዘብ ተራህ ነው። ኦርቶዶክስ ጓዶቼ በፍልሰታ እየጾምኩ ሲያዩኝ፣ «እናንተም ትጾማላችሁ እንዴ?» እያሉ ይገረማሉ። «ያንተን ወጥ ስለማልወደው ነው» እላለሁ። ቀልድ ነው፤ ክፉ የነበረ የለም።

የመጀመሪያ ምድቤ ሰሜን ድንበር ነበር። እዚያ ያገኘሁት መቶ አለቃ ሥራ የሚያስተምረው በጩኸት ነበር፤ ያስተማረኝም ጩኸት ብቻ ነው። ሥራውን የተማርኩት በሁለተኛው ምድቤ፣ ከሃምሳ አለቃ ሰይድ ነው።

ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ነው። ወታደር ከመሆኑ በፊት ሱዳን ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭድ ኖሮ አረብኛ ይናገራል። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን አንቱ ሲሉት አይወድም፤ «ፈንጂ አንቱ አይልህም፤ እኔንም አንተ በለኝ» ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥፍሩን ይቆርጣል። ትናንት ቆርጦት ቢሆን እንኳ ይሞርደዋል። ዘንጉን በጨርቅ ይወለውላል፣ ከእያንዳንዳችን ጋር ተጨባብጦ እጃችን ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። እጁ የተንቀጠቀጠውን ሰው ምክንያት ሳይጠይቅ የዚያን ቀን ውኃ ቀጂ ያደርገዋል። አምስቱን ሰላት ሰዓቱን ጠብቆ ይሰግዳል፤ እሱ ሲሰግድ እኔ ከኋላው ቁጭ ብዬ መቁጠሪያዬን እደግማለሁ። ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዱ ግን ይህ ነው። አንድ መንገድ ጸዳ ተብሎ ሲያልቅ፣ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ሰደርያውንና የፊት መከላከያውን አውልቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። ማንም አላዘዘውም። «ራሴ ያልረገጥኩትን ለሰው እርገጥ አልልም» ይላል።

ደቡብ ሱዳን በሰላም አስከባሪነት የሄድነው አብረን ነው። የተሰጠን ሥራ ከአንድ መንደር ወደ ውኃ ፓምፕ የሚያወርድ መንገድ ማጽዳት ነበር። ፓምፑ ደኅና ነው፤ ውኃ አለው፤ ነገር ግን መንገዱ ፈንጂ ስለተቀበረበት ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከወንዝ ይቀዳሉ። አቹል የምትባል ረጅም ሴት ነበረች፤ ሁልጊዜ ከቀዩ ምልክታችን ወዲያ ቢጫ ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ ስንሠራ ታየናለች። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ ብላ ለመንደሩ ተናግራለች አሉ።

የዚያ አገር አፈር ብረት ስላለበት የጠቋሚ መሣሪያው ጩኸት አያቆምም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በእጅ ሆነ። አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ በየተወሰነ ርቀት በተተከሉ ቀለም የተቀቡ እንጨቶችና በገመድ ይታጠራል። ቀይና ነጭ የተቀባ ዱላ ከፊትህ አግድም ታስቀምጣለህ። በሆድህ ተኝተህ ከግራ ወደ ቀኝ በየሁለት ጣቱ ዘንጉን ወደ አፈሩ ታስገባለህ፤ ቀጥ አድርገህ ሳይሆን ሰያፍ። ቀጥ ካደረግከው የፈንጂውን አናት ትጫነዋለህ፤ ሰያፍ ከሆነ ጎኑን ትነካለህ፣ ጎኑ ደግሞ አይቆጣም። የቀኙ ገመድ ጋ ስትደርስ ዱላውን ሁለት ጣት ወደፊት ትገፋና ከግራ እንደገና ትጀምራለህ። ቀኑን ሙሉ።

እኔ ለዚህ ሥራ የራሴን መላ አበጅቼ ነበር። መቁጠሪያ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አሥር አሥር እየሆነ አምስት ጊዜ ነው። በአንድ «ጸጋን የተመላሽ ማርያም» ሦስት ጊዜ እወጋለሁ። አሥሩ ሲያልቅ ሠላሳ ጊዜ ወግቻለሁ፤ ሠላሳ ጊዜ በየሁለት ጣቱ ደግሞ አንድ ሜትር ነው። አሥሩን ደግሜ በማሳረጊያው ስብሐት ስል ዘንጌ ልክ የቀኙ ገመድ ጋ ይደርሳል፣ ዱላውን እገፋለሁ። አንድ ሙሉ መቁጠሪያ አምስት መስመር። ለወራት አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። በቀን ይህን ያህል መቁጠሪያ የሚደግም መነኩሴ የለም እያልኩ በሆዴ እኩራራ ነበር። ለሰይድ ግን አልነገርኩትም።

አንድ ዓርብ ማታ እህቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ እናታችን ሆስፒታል መግባቷን ነገረችኝ። በማግስቱ ቅዳሜ የመንገዱ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ሰኞ ይከፈታል። ጠዋት ሰይድ እጄን ሲጨብጠኝ እንዳይንቀጠቀጥ አጥብቄ ያዝኩት። ገብቼ ተኛሁ። ለእናቴ ነበር የምደግመው፤ እያለቀስኩ፣ እየቸኮልኩ። አሥሩን ጨርሼ ስብሐት ስል ዘንጌ ከቀኙ ገመድ ሁለት ስንዝር ይቀረው ነበር። ምላሴ እጄን ቀድሞታል።

እዚህ ላይ ራሴን አላድንም። አይቼዋለሁ። ዱላውን ከመግፋቴ በፊት ያችን ሁለት ስንዝር አይቻታለሁ። ጸሎቱን ስለ ጨረስኩ መስመሩም ያለቀ መሰለኝ፤ «እመቤቴ ትሸፍነዋለች» አልኩና ገፋሁት። የሚቀጥለውንም እንደዚያው። አንድ ሙሉ መቁጠሪያ እስኪያልቅ፣ አምስት መስመር፣ ሁለት ሁለት ስንዝር እያስቀረሁ ሄድኩ። ከዚያ እንባዬ ቆመና በደንብ መሥራት ጀመርኩ። ወደ ኋላ ግን አልተመለስኩም። ከሰዓት በኋላ መንገዱ አለቀ ተባለ፣ ፈረምኩ።

በማግስቱ እሑድ ሰይድ ከተማ ለዕቃ ሲሄድ እኔንም ለቅዳሴ ሊያደርሰኝ ከካምፑ አዛዥ ከሻምበሉ አስፈቀደልኝ። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቅዳሴዬ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ሰው ሞልቶ በመስኮት ይፈስሳል፣ ከበሮው ደረት ውስጥ ይመታል። ደብረ ብርሃን ሦስት አግዳሚ የማይሞላ ጸሎት ቤት ለለመደ ሰው ይህን ማየት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በጥቂቱ በኩል ነበርኩ፤ ያን ቀን በብዙው በኩል ቆምኩ። ልቤ ግን ከውስጥ ያውከኝ ስለነበር ቁርባን ሳልቀበል ቀረሁ።

ሲያልቅ በር ላይ አቹልን አየናት። ለካ እሷም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ሰይድን ስታየው ጥርሷ ሁሉ ታየ። «ቡክራ?» አለችው፤ ነገ ነው? ማለቷ ነው።

«ቡክራ፣ ኢንሻአላህ» አላት።

ሰይድን፣ «መናዘዝ እፈልጋለሁ፤ ግን ቋንቋ የለኝም» አልኩት። የኔ እንግሊዝኛ «ቁም» እና «ተመለስ» ከማለት አያልፍም ነበር። ሰይድ ለቄሱ ነገረልኝ። አባ ሳንቲኖ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ትንሽ አሰቡና ቤተ ክርስቲያን በአስተርጓሚ መናዘዝን ትፈቅዳለች፣ አስተርጓሚው ግን እንደ ቄሱ የሰማውን ለማንም ሊናገር አይችልም አሉ። ከሰይድ በቀር አረብኛም አማርኛም የሚያውቅ በዚያ ከተማ አልነበረም። ሰይድ እጁን አንስቶ፣ «ወላሂ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር የሰማሁትን ለማንም አላወጣም» አለ።

ማንጎ ዛፍ ሥር ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ተደረገ። በልቤ የያዝኩት ትናንሽ ትናንሹን ተናግሬ መውጣት ነበር። ቁጣዬን ተናዘዝኩ፣ ሰይድ ተረጎመ። ሻምበሉን ማማቴን ተናዘዝኩ፤ ሰይድ ከመተርጎሙ በፊት፣ «ይሄስ እኔም አለብኝ» አለኝ በአማርኛ። እንደዚህ እየሄድን ሳለ አባ ሳንቲኖ የሆነ ነገር ጠየቁ።

«ሌላ አለ ወይ ይልሃል» አለ ሰይድ።

ከተናገርኩ ማዕረጌ ይገፈፋል፣ ተዋርጄ አገሬ እመለሳለሁ፤ የሚያስገፍፈኝም ይኸው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው። ካልተናገርኩ ነገ አቹል አለች። ደግሞ ከእሷ በፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ሰው አለ።

«ትናንት አውቄ ያልፈተሽኩት መሬት አለ» አልኩ። «ጸሎቴን ስለጨረስኩ መስመሩን እንደጨረስኩ ቆጠርኩት። አይቼ አለፍኩት። ፈርሜበታለሁ።»

ሰይድ አልተረጎመም። መሬት መሬት ያይ ጀመር። ቄሱ ሁለቴ ጠየቁት። ሦስተኛው ላይ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ አንዱንም ሳይቀንስ ተረጎመው፤ ያን ያህል አረብኛ ይገባኝ ነበር። አባ ሳንቲኖ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ብዙ ተናገሩ። ሰይድ ፊቱን እንደ ግንብ አድርጎ ወደ አማርኛ መለሰው። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፤ ንስሐህ ግን ጸሎት አይደለም ይልሃል። ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ሄደህ ለአለቃህ ንገር ይልሃል።»

አለቃዬ ማን እንደሆነ አባ ሳንቲኖ አያውቁም ነበር።

መኪና ውስጥ ገባን። ሰይድ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ስለ ጎማ አወራ። የፊቱ ጎማ እየተበላ ነው፣ ሻምበሉ ቅያሪ ቢያስመጣ ጥሩ ነው አለ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ። ከዛፉ ሥር የሰማውን እንዳልሰማ ሆነ፤ መሐላው ነበር። ሰማዩን አየሁት፤ ጀምበር ገና አናት ላይ ናት፤ ለመዋሸት ጊዜ ተርፎኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ መኪናውን አቁም» አልኩት።

ወርጄ አቧራው ላይ በተጠንቀቅ ቆምኩ። የተናገርኩትን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። አሁን የተናገርኩት ለቄስ ስላልነበረ ይበልጥ ከበደኝ። እንደ አዲስ ሰማኝ።

«በስንተኛው እንጨት ላይ ነው?»

«በመጨረሻውና ከመጨረሻው በፊት ባለው መካከል።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ስንዝር።»

«አሁን ሰማሁ፤ ግባ» አለኝ።

ካምፕ እንደደረስን ለሻምበሉ አሳወቀ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሌላ ሰው እንዲገባ አላደረገም፤ ሰደርያዬን አልብሶ እኔኑ አስገባኝ። ከገመዱ ውጭ ሆኖ፣ «አፍህን ዝጋ። እጅህን ብቻ ስማ» አለኝ። ተኛሁ። ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። በሦስተኛው ላይ፣ ከገመዱ አንድ ስንዝር ሲቀረኝ፣ ዘንጉ ጠንካራ ነገር ነካ። አፈሩን በጣቴ ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ክብ ነገር ታየችኝ። እንዲያ አፍጥጬ ያየሁት ነገር በሕይወቴ የለም።

ሻምበሉ በሚቀጥለው አውሮፕላን ሊመልሰኝ ነበር። ሰይድ፣ «የሚያስፈራው ያልተናገረው ነው፤ ይሄ ተናግሯል» ብሎ ተከራከረልኝ። ሁለት ወር ከሜዳ ታገድኩና እንጨት ቀለም እንድቀባ ተደረገ። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ተፈትሾ ሐሙስ ተከፈተ። እኔ የቀለም ብሩሽ ይዤ ዳር ቆሜ ነበር። ሰይድ ሰደርያውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ ሄደበት። ቀጥላ አቹል ወረደች። እግሯ በዚያች ቦታ ሲያልፍ ቁልቁል እያየሁ ነበር፤ ፓምፑ ጋ ደርሳ ቢጫ ጀሪካኗን ስትሞላ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ወደ ሜዳ ስመለስ ሰይድ ገመዱ ጋ እጁን ዘረጋልኝ። «መቁጠሪያህን ወዲህ በል። ስትወጣ ትወስደዋለህ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረን እስከነበርን ድረስ በየጠዋቱ ለእሱ ሰጥቼ እገባ፣ ስወጣ እቀበል ነበር። ጸሎቴ ከገመዱ ውጭ ሆነ፤ ከመግባቴ በፊት ረጅም፣ ከወጣሁ በኋላ አጭርና ምስጋና ብቻ። ውስጥ ስሆን ዝም እላለሁ። እግዚአብሔርም እዚያ ሰዓት እጄን ብቻ የሚፈልግ ይመስለኛል። እናቴ ድና ስድስት ዓመት ኖረች፤ ይህን ሁሉ ነግሬያት፣ «ለእኔ ብለህ የሰው እግር ልታስቆርጥ» ብላ ተቆጥታኛለች።

ከዚያ በኋላ ሌላ አገርም ሄጃለሁ፤ መጨረሻዬ ማሠልጠኛ ነበር። ለምልምሎቼ ሁሉ ይህን ታሪክ የራሴን ስም ጠርቼ ነግሬያቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ ከእኔ የተሻለ እጅ አላቸው። ይህ ከማዕረጉ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ይህን ጽሑፍ ለቄሱ ከመስጠቴ በፊት ግን ፈቃድ የምጠይቀው ሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ፣ በአንኮበር አድርጌ ቁልቁል አልዩ አምባ ወረድኩ። ሰይድ አርጅቷል። ዓይኑ ደክሟል፣ ጥፍሩ ግን እንደ ተሞረደ ነው። የማሽላ ማሳው ዳር ጥላ ሥር ቁጭ አልን። ያ መሐላ ዛሬም አለበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አንተ ከተናገርከው እኔ ምን አገባኝ፤ ጻፈው» አለ።

ለብዙ ዓመት ልጠይቀው ፈልጌ ያልጠየቅኩት ነገር ነበረኝ። «ሰይድ፣ ያን ቀን መኪናውን አቁም ባልልህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? መሐላህን ታፈርስ ነበር?»

«ኧረ፣ መሐላ አይፈርስም።»

«እና ዝም ትል ነበር?»

በደከመው ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄው የገረመው መሰለኝ።

«ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሚሄድበት ማን ነበር?» አለኝ።

«አንተ።»

«የታሰረው ምላሴ ነው፤ እጄን ማን አሰረው? ዘንጌን ይዤ ቀድሜ ገብቼ በሆዴ እተኛለታለኋ» አለና እጁን ዘረጋ። «በል አሁን እንደ ድሮው መቁጠሪያህን ስጠኝ፤ የቀትሯን የዙህር ሰላቴን ሰግጄ እስክመለስ ልያዝልህ።»

ሰጠሁት።